ስለ ሰፈራችን ደኅንነት ዕቅዱ ሳይጻፍ ጥሩን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰሞኑን በምኖርበት የአዲስ አበባ ወረዳ «የነዋሪዎች የምክክር መድረክ» ተብሎ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የወረዳው የሰላምና ጸጥታ ዕቅድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ከተነበበልን በኋላ «አስተያየት ያላችሁ» ተባለ፤ ጥቂት እጆች ወጡ፣ ጊዜው መሽቷል ተባለ፣ ከዚያም ዕቅዱ በጭብጨባ ጸደቀ። በሰነዱ ውስጥ የእኛ ድርሻ በግልጽ ተቀምጦ ነበር፤ በየቤቱ ለጥበቃ የሚዋጣው ገንዘብ፣ ከየብሎኩ ለሮንድ የሚወጣው ሰው፣ አጠራጣሪ ነገር ሲታይ የሚደወልበት ስልክ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድን ወረዳ ለመክሰስ አይደለም፤ በሌሎች ክፍለ ከተሞች የሚኖሩ ወዳጆቼም ተመሳሳይ ነገር ስለሚነግሩኝ ጉዳዩ የአንድ አዳራሽ ጉዳይ አለመሆኑን በማመን ነው። ነዋሪው በገንዘቡና በእንቅልፉ እንዲሳተፍ ይጠየቃል፤ በሐሳቡ እንዲሳተፍ የሚጠየቀው ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ልዩነቱ ቀላል ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለአንድ ሰፈር ደኅንነት የሚያስፈልገው እውቀት የት እንዳለ ስንመረምር ከቀላል በላይ ሆኖ እናገኘዋለን። የወረዳ ዕቅድ በአብዛኛው መነሻ የሚያደርገው ፖሊስ ጣቢያ የተመዘገበውን ወንጀል ነው። ሞባይሉን የተነጠቀ ሰው ግን ዕቃው ይመለሳል ብሎ ስለማያምን ብዙ ጊዜ ወደ ጣቢያ አይሄድም፤ የሚሄድም ቢሆን አንዳንዴ የሚሄደው የጠፋውን ሲም ካርድ ለማውጣት ወይም የመታወቂያ ምትክ ለመጠየቅ ማስረጃ ሲፈልግ ነው። በታክሲ ውስጥ የተተነኮሰች ልጅ፣ ከፋብሪካ ፈረቃዋ ስትመለስ በጨለማ የተከተሏት ሠራተኛ፣ በር ላይ በሚያመሹ ሰካራሞች ምክንያት ልጆቿን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የማታስወጣ እናት በመዝገቡ ላይ አይታዩም። እነዚህ ሰዎች የሰፈሩን ካርታ ከማንም በላይ ያውቁታል። የትኛው የመንገድ መብራት ከተቃጠለ ወራት እንዳለፉት፣ የትኛው የቱቦ ክዳን ተሰርቆ ጉድጓዱ በድንጋይ ብቻ ምልክት እንደተደረገበት፣ የባዘኑ ውሾች ማለዳ የትኛው ኮርነር ላይ እንደሚሰበሰቡ፣ የጥበቃው ዘበኛ ዳስ ከየት ወደየት እንደማያይ ጠይቋቸው፤ ቆመው ያስረዷችኋል። በመንገድ ዳር የሚቀመጠው ሊስትሮና ቆሎ የምትሸጠው ሴት ደግሞ ከእኛ ከቤት ነዋሪዎቹም የበለጠ ያያሉ፤ ነገር ግን እስካሁን በተገኘሁባቸው ስብሰባዎች ላይ አንዱም ተጠርቶ አላየሁም። እንዲያውም በዕቅዱ ውስጥ የሚጠቀሱት ብዙ ጊዜ በደንብ ማስከበር በኩል «ከመንገድ የሚነሱ» ተብለው ነው።

ደኅንነት የሚለውን ቃል ከሌባና ከፖሊስ ጋር ብቻ አያይዞ የማየት ልማድም ዕቅዶቻችንን አጥብቧቸዋል ብዬ አምናለሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ፣ ሁላችንም ቆሼ ብለን በምንጠራው ቦታ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ ገዳዩ ወንጀለኛ አልነበረም። ክምሩ ለአሥርተ ዓመታት በሰው መኖሪያ አጠገብ ሲያድግ ከሥሩ የሚኖሩት ሰዎች በየዕለቱ ያዩት ነበር፤ ያዩትን የሚያቀርቡበትና የሚያስወስኑበት ቦታ ግን አልነበራቸውም። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ በተነሳው ከባድ እሳትም የአደጋ ጊዜ መኪኖች በጠባቡ መንገድ ወደ ውስጥ ለመግባት መቸገራቸው በወቅቱ ተነግሯል። የትኛው መተላለፊያ በሸቀጥ እንደተዘጋና የትኛው በር በቁልፍ እንደሚከረቸም ለማወቅ የመርካቶ ነጋዴና ጫኝ አውራጅ ጥናት አያስፈልገውም ነበር። በከተማችን መንገዶች በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው የታወቀ ነው፤ የትኛው መሻገሪያ ላይ ተማሪዎች እንደሚሮጡ የሚያውቁት ግን ትምህርት ቤቱና ወላጆቹ ናቸው። ቀላሉ ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሐዲዱ አጥር ስንት ሰፈሮችን ለሁለት እንደከፈለና ሰው አጥሩን እየዘለለ መሻገር እንደጀመረ የምናስታውስ እናስታውሳለን፤ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች በየትኛው በኩል ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚሄዱ አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ቢያንስ ጥቂት መሻገሪያዎች በሌላ ቦታ ይሠሩ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

በጋራ መኖሪያ ቤቶች የምንኖር ሰዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ውስብስብነት ስላለው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላብራራው። የቤቶች ልማት ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረ ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በዕጣ ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ገብተዋል። ዕጣ ፍትሐዊ መንገድ ነው፤ አልቃወመውም። ሆኖም ዕጣ ጎረቤት አይመርጥም። በድሮው ሰፈር «የእገሌ ልጅ» ተብሎ የሚታወቅ ወጣት ቢያጠፋ የሚገሥጸው አዛውንት በየበሩ ነበረ፤ እዚህ ግን በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ለዓመታት ሳይተዋወቁ ይኖራሉ። ይህን ክፍተት ይሞላሉ ተብለው የታሰቡት በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋሙት የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ናቸው። ማኅበሩ የጋራ መገልገያውን ያስተዳድራል፣ ጥበቃ ይቀጥራል፣ መብራትና ውኃ ሲበላሽ ያስጠግናል። ችግሩ የማኅበሩ አባል ለመሆን የቤቱ ባለቤት መሆን ይጠይቃል። በብዙ ብሎኮች ደግሞ በቤቱ የሚኖረው ሰው ተከራይ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ሰፈር፣ አንዳንዴም ሌላ አገር ይኖራል። ስለዚህ ሌሊት በጨለማ ደረጃ የሚወጣው ሰው ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው ሰው ደረጃውን ከረገጠው ዓመት አልፎታል። ወረዳው «ነዋሪውን አወያየሁ» ሲል የሚያወያየው ብዙ ጊዜ የማኅበሩን ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ በቅንነት የሚሠራ ቢሆን እንኳ ከነዋሪው ግማሽ የሚሆነውን ሕጋዊ ውክልና ላይኖረው ይችላል። እኔ ራሴ በኮሚቴ ያገለገልኩ ሰው ነኝና ይህን ስናገር የሥራ ባልደረቦቼን እንዳላስቀየም እሰጋለሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ተከራይን ከባለቤት እኩል ቤቱን በሚመለከት ጉዳይ ድምፅ ይሰጥ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ደኅንነትን በሚመለከት ውይይት ላይ ግን የሚቆጠረው የሚኖረው ሰው ሊሆን ይገባል።

የጋራ መገልገያ ሕንፃዎችም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። ለዕርድ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለድግስና ለለቅሶ ታስበው የተሠሩት ክፍሎች ለሱቅ ወይም ለመጋዘን ተከራይተው የተገኙባቸው ግቢዎች ጥቂት አይደሉም። ኪራዩ ለጥበቃ ደመወዝ ይጠቅማል ይባላል፤ ይጠቅማልም። ነገር ግን ሰው የሚተዋወቅበትን ቦታ አከራይቶ በገንዘቡ ዘበኛ መቅጠር ትክክለኛ ልውውጥ መሆን አለመሆኑን ነዋሪው ቁጭ ብሎ መክሮበት አያውቅም። ወጣቶች የሚቀመጡበት ቦታ ሲያጡ ደረጃ ላይና ከጫት ቤቱ ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ «ሥራ አጥ ወጣቶች» ተብለው በሥጋት ምንጭነት ይዘረዘራሉ። እነዚያው ወጣቶች በሮንድ እንዲወጡ የሚጠየቁትም በዚያው ሰነድ ነው።

ሕዝቡ ለምን በስብሰባ ላይ አይናገርም የሚለው ጥያቄ ከኃላፊዎች በተደጋጋሚ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። አንዱ ምክንያት ያለፈው ታሪካችን ይመስለኛል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ንብረት ሲሆኑ የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ በመጀመሪያ የታሰቡት ነዋሪው የራሱን ጉዳይ እንዲያስተዳድር ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በየቀበሌው ጠመንጃ አንግበው ቆሙ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠቁምበት፣ ልጅ ከቤት ተወስዶ የማይመለስበት ዘመን መጣ። ከዚያ በኋላም አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ለጤናና ለልማት የተጠቀመበትን ያህል ሰዎች በጎረቤታቸው ፊት ቃላቸውን እንዲመጥኑ አድርጓል። ዛሬ በየብሎኩ ስማችሁን አስመዝግቡ፣ እንግዳ ሲመጣ አሳውቁ፣ ተደራጁ ሲባል በዕድሜ የገፋነው ሰዎች የምንሰማው አዲሱን ቃል ብቻ አይደለም። ይህን ያነሳሁት የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ አባላትንም ሆነ በሰላም ሠራዊት ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሌሊቱን የሚያድሩትን ወጣቶች ለማጣጣል አይደለም፤ በብርድ ቆመው ያሳለፉልን ሌሊት ብዙ ነው። ነገር ግን ነዋሪው መረጃ ሰጪ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት አሠራር መተማመንን አያመጣም። ከነዋሪው የተሰበሰበው መረጃ ለምን ዓላማ እንደሚውል፣ ማን እንደሚይዘውና ለሌላ ጉዳይ እንደማይውል በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ያ ሲሆን ብዙ አፎች ይከፈታሉ።

ይህ ጥያቄ ከሕግ ውጭ የሆነ ልመናም አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 89ም መንግሥት የልማት ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ሲዘጋጁ ሕዝቡን በየደረጃው እንዲያሳትፍ ያዛል፤ ሲዘጋጁ የሚለውን ልብ ይሏል። ፖሊስም ቢሆን ወንጀልን የመከላከል ሥራ ከኅብረተሰቡ ጋር በመሆን እንደሚሠራ በየመድረኩ ይናገራል። ስለዚህ አዲስ መርህ እንዲወጣልን አልጠየቅንም።

በሌላ አገር ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ ምሳሌ ብቻ ላቅርብ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቶች የማኅበረሰብ ደኅንነትና መልካም ኑሮ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ በሕግ ይገደዳሉ። ዕቅዱን የሚያማክረው ኮሚቴ ከፖሊስ በተጨማሪ የጤና፣ የትምህርት፣ የማኅበራዊ አገልግሎትና የወጣቶች ዘርፍ ተወካዮች የሚቀመጡበት ሲሆን፣ ሰነዱ ከመጽደቁ በፊት ሕዝቡን፣ ከእነዚህም መካከል ወጣቶችንና አናሳ ማኅበረሰቦችን፣ ማማከር ግዴታ ነው። የቶሮንቶ ከተማ በ2021 ባጸደቀችው የአሥር ዓመት ዕቅድ መነሻነት፣ የአእምሮ ጤና ቀውስ ውስጥ ለገባ ሰው ፖሊስ በመላክ ፈንታ የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች የሚደርሱበት አገልግሎት በ2022 በሙከራ ጀምራ በኋላ ወደ መላ ከተማዋ አስፍታለች። የእነሱ አቅም የእኛ አይደለም፤ ችግራቸውም አልጠፋም። ልወስድ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዕቅዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ፖሊስ ብቻውን አልተቀመጠም። በእኛ ወረዳ የመንገድ መብራት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት፣ የቱቦ ክዳን የሚመለከተው፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ በሰላምና ጸጥታ ስብሰባ ላይ አይገኙም። በዚህም ምክንያት ነዋሪው ከሚያነሳቸው አሥር ጥያቄዎች ውስጥ ለብዙዎቹ የሚሰጠው መልስ «ይህ እኛን አይመለከትም» የሚል ነው።

ኃላፊዎች የሚያነሷቸውን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። ሰው ሲጠራ አይመጣም ይላሉ። በሥራ ቀን ከቀኑ በስምንት ሰዓት ሲጠራ ማን ይመጣል? ጡረተኞችና ሥራ የሌላቸው ብቻ። ሰው በራሱ ፈቃድ በየወሩ የሚሰበሰብበት ቦታ በዚህ ከተማ አለ፤ ዕድር ይባላል። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በየድንኳኑና በየግቢው ይሰበሰባል፤ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ሒሳብ ይመረምራል፣ የማይከፍለውን ይቀጣል፣ የሞተበትን ያጽናናል። ከኤችአይቪ ጋር በተደረገው ትግል ዕድሮች ወላጅ ያጡ ሕፃናትን በመደገፍና ሕሙማንን በመንከባከብ የሠሩትን የሚያስታውስ ሰው አቅማቸውን አይጠራጠርም። የወረዳው ባለሙያ ካርታውን ይዞ ወደ ዕድሩ ቢሄድ ከአዳራሹ የበለጠ ይሰማል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዕድርን የመዋጮ ሰብሳቢ ወይም የመንግሥት ክንድ ማድረግ ዕድርን ይገድለዋል፤ ባለሙያው መሄድ ያለበት በእንግድነት ነው። በተጨማሪም የብዙ ዕድሮች ዳኛና ጸሐፊ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ስለሆኑ የሴቶች ዕድሮችን፣ የተከራዮችንና የወጣቶችን ሐሳብ ለብቻ መስማት ይገባል፤ አካል ጉዳተኞችም ደረጃ በሌለበት ቦታ መሰብሰብ መቻል አለባቸው። የቤት ሠራተኞች ከአሠሪዎቻቸው ፊት ስለማይናገሩ እነሱን መስማት ሌላ ዘዴ ይፈልጋል፤ ለዚህ በየሰፈሩ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚሻሉ ይመስለኛል።

ሕዝቡ ከአቅም በላይ ይጠይቃል የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ብዙ አያሳስበኝም። ገንዘቡ ምን ያህል እንደሆነ የተነገረው ሰው ከአቅም በላይ አይጠይቅም፤ በየወሩ ለዕድር የሚከፍል ሕዝብ የገንዘብን ልክ ያውቃል። ወረዳው ለአንድ ቀጠና ያለውን አነስተኛ በጀት በግልጽ ተናግሮ «በዚህ ገንዘብ መጀመሪያ የቱ ይሠራ፤ መብራቱ፣ የቱቦው ክዳን ወይስ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ያለው መሻገሪያ?» ብሎ ቢጠይቅ ነዋሪው ተከራክሮ ይወስናል። በዚህ ክርክር የተሸነፈውም ቢሆን ምክንያቱን ያውቃል።

የኮሪደር ልማቱ በተሠራባቸው አካባቢዎች የእግረኛ መንገዱ መስፋቱንና መብራቱ መብዛቱን አይቻለሁ፤ በማታ መራመድ ቀላል ሆኗል፣ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያው ሥራ ምክንያት ከቆየበት ሰፈር የተነሳ ሰው አዲሱ ቦታ ላይ ደኅንነት የሚሰማው ጎረቤቱንና ዕድሩን ይዞ ሲሄድ ነው። ማን ከማን ጋር ይዛወር የሚለው ጥያቄ ከመብራቱ ምሰሶ ባልተናነሰ የደኅንነት ጥያቄ ስለሆነ ከመነሳቱ በፊት ከተነሺው ጋር ሊመከርበት ይገባል።

በተግባር የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር የወረዳው ዕቅድ በሚያዝያና በግንቦት ይረቀቃል ብለን ብናስብ፣ ነዋሪው በየካቲትና በመጋቢት፣ ባዶ ወረቀት ይዞ በሚመጣ ባለሙያ ይጠየቅ። የተነሱት ሐሳቦች በቃለ ጉባኤ ይያዙ፤ ረቂቁ ሲወጣ ከእያንዳንዱ ሐሳብ አጠገብ «ተቀባይነት አግኝቷል»፣ «ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል» ወይም «በዚህ ምክንያት አልተቀበልነውም» የሚል መልስ ተጽፎ በየብሎኩ መግቢያና በየሱቁ ደጃፍ ይለጠፍ። እንቢታ በምክንያት ሲጻፍ ሰው ይቀበለዋል፤ የሚያስኮርፈው ዝምታው ነው። በዓመቱ አጋማሽ፣ በጥር ወር፣ ያው ባለሙያ ያንኑ ወረቀት ይዞ ተመልሶ ምን እንደተሠራና ምን እንዳልተሠራ ያንብብልን። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ የወረቀትና የማጣበቂያ ነው፤ የአዳራሽ ኪራይና የውሎ አበል እንኳ አይጠይቅም።

ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይህን በአንድ ወረዳ፣ ካልተቻለም በአንድ ቀጠና ለመሞከር ፈቃደኛ የሆነ ኃላፊ ካለ፣ በምኖርበት ግቢ ያሉ የሁለት ዕድሮች አባላት የስብሰባ ቀናቸውን ለመስጠትና ቃለ ጉባኤውን ለመያዝ ፈቃደኛ መሆናቸውን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ጋዜጣችሁ ይህን ደብዳቤ ካተመ በኋላ የሚመለከታቸው አካላት የሚሰጡትን ምላሽም በዚሁ ዓምድ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪ
አዲስ አበባ